የመኪና አደጋ ጠበቃ የሆነች ልጅ፣ የተጨነቁ አባት እና ሠላሳ አንድ መልሶች

ይህን የኢንተርኔት የጥያቄና መልስ ክር የከፈቱት በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አባት ናቸው። ልጃቸው የሕግ ትምህርቷን ጨርሳ የጠበቆችን ፈተና አልፋለች። እሳቸው በኢሚግሬሽን ወይም በትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ ትሠራለች ብለው ሲጠብቁ፣ እሷ በመኪና የተገጩና ሱቅ ውስጥ ተንሸራተው የወደቁ ሰዎችን ወክሎ ካሳ በሚጠይቅ አነስተኛ ቢሮ ተቀጠረች። አባትየው የሚያውቁት በአውቶቡስ ጎን ላይ ፎቶግራፋቸው የሚለጠፈውን፣ በሬዲዮ ተጎድተዋል ወይ እያሉ የሚጣሩትን ነው። በማኅበር ላይ ልጅህ ምን ትሠራለች ሲባሉ መልስ እንደሚያጡ ሳይደብቁ ጽፈዋል። ጥያቄያቸው ሁለት ነበር፦ እነዚህ ሰዎች ምን ተምረው፣ የት ሠርተው ነው እዚያ የሚደርሱት? ሥራውስ የሚያስከብር ነው ወይስ የሚያሳፍር?

እንዲህ ያለ ክር ብዙውን ጊዜ በአምስተኛው መልስ ላይ በምርቃት ያልቃል። ይህ ግን ለቀናት ተጎተተ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ ሳልገለብጥ ያሉትን በተራ እነግራችኋለሁ፤ ፍሬ የሌለውን እዘላለሁ።

መልስ 1 ምርቃት ብቻ ነው። መልስ 2 እንኳን ደስ አለዎት ብሎ ጀምሮ ልጅቷ አግብታ እንደሆነ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 3 በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ ከኋላ ተገጨ። በማግስቱ ከገጪው የኢንሹራንስ ኩባንያ አንዲት ትሑት ሴት ደውላ እንዴት አደርክ አለችው። ድምፁ እየተቀዳ መሆኑን ነገረችው፣ እሱም እንደ ባህላችን ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንገቱን ማዞር ሲያቅተውና ካሳ ሲጠይቅ፣ ያ ደኅና ነኝ ማለቱ እንደ ማስረጃ ቀረበበት። ነገሩን ያቃናለት ጠበቃ ከካሳው ሲሶውን ወሰደ። ሰውየው አልቆጨውም፤ ለአባትየውም ጋሼ፣ ልጅዎ የምትሠራው የእኛን ሥራ ነው አላቸው።

መልስ 4 በዚህ ተቆጣ። ከተጎዳ ሰው ገንዘብ ሲሶ የሚቆርጥ ሁሉ በእሱ ዓይን ከአራጣ አበዳሪ አይለይም። ሹፌሩም ተበልቶ አመስጋኝ ሆኗል ብሎ ዘለፈው። ክሩ ያኔ ነው የሞቀው።

መልስ 5 በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠራ ጠበቃ ነው፤ ጉዳት ካሳ ላይ ግን አይሠራም። ረጋ ብሎ የአባትየውን የመጀመሪያ ጥያቄ የመለሰው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕግ የሚጠናው በሌላ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ከያዙ በኋላ ለሦስት ዓመት ነው። ቀን የሚሠሩ ሰዎች ማታ ይማራሉ፤ በዋሽንግተን የጆርጅታውን እና የከተማዋ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የማታ ክፍል አላቸው። የሚወስዱት የጠበቆች ፈተና ለሁሉም አንድ ነው። ፈቃዱ ላይ የጉዳት ጠበቃ የሚል ነገር አይጻፍም፤ ሰው የጉዳት ጠበቃ የሚሆነው በሥራው ነው። አንዳንዱ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሲከላከል ቆይቶ ወደ ተጎጂው ወገን ይሻገራል። አንዳንዱ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ፍርድ ቤት መቆምን ይለምዳል። ሌላው እንደ እኚህ አባት ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትንሽ ቢሮ ገብቶ ፋይል ይሸከማል።

ከዚያ ወደ መልስ 4 ዞረ። ጠበቃው ሲሶውን የሚያገኘው ከተሳካለት ብቻ ነው። ካልተሳካለት የወራት ድካሙ ባዶ ይቀራል፤ የሕክምና መዛግብቱን፣ የባለሙያ ምስክሩን ወጪ አስቀድሞ የሚያወጣውም እሱ ነው። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ድርሻው ወደ አርባ በመቶ ከፍ የሚልበት ውል የተለመደ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ቢሸነፍ ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለው እንደ ውሉ ስለሚለያይ፣ ፊርማ ከማኖር በፊት ያንን አንቀጽ ፈልጎ ማንበብ እንደሚገባ አሳሰበ። መልስ 4ን ግማሽ በግማሽ ትክክል ያደረገችው ይህች ማሳሰቢያ ናት፤ ሰውየው ግን አላስተዋላትም።

መልስ 6 ኢትዮጵያ ሕግ ተምሮ የመጣ ሰው ምን ያድርግ ሲል ጠየቀ። የመለሱት (መልስ 7) አንድ አዛውንት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ ከተቋቋመው የሕግ ፋኩልቲ የቀደሙት ምሩቃን መካከል ነበሩ። ኒውዮርክ በእውቅ ትምህርት ቤት የ24 ክሬዲት ማስተርስ ለጨረሰ የውጭ ምሩቅ የፈተናውን በር ትከፍታለች፤ ዋሽንግተን ዲሲም የራሷን የክሬዲት መጠን ትጠይቃለች። ቨርጂኒያ ደግሞ ሕግ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ጠበቃ ዘንድ ሦስት ዓመት አንብቦ ለፈተና የመቀመጥ አሮጌ ሥርዓት አላት። ይህን ሲጽፉ ትዝታ ጎተታቸው፤ በላ ልበልሃ እያለ ነጠላውን አጣፍቶ ስለሚሟገተው የጥንት ነገረ ፈጅ፣ በፍርድ ቤት ደጅ ጠረጴዛ ዘርግተው ስለሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ረጅም አንቀጽ ጻፉ። ከጥያቄው ጋር ብዙም አይገናኝም፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መልስ 8 እነዚህ ማስታወቂያ ለጣፊዎች ከጥንትም እንዲሁ ነበሩ አለ። መልስ 9 አረመችው። እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ አሜሪካ ውስጥ ጠበቃ ማስታወቂያ ማስነገር ነውር ብቻ ሳይሆን ክልክል ነበር። ሁለት ወጣት የፊኒክስ ጠበቆች በጋዜጣ ላይ ዋጋቸውን በማውጣታቸው የአሪዞና የጠበቆች ማኅበር ሲቀጣቸው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ማስታወቂያ የመናገር መብት አካል ነው ብሎ ወሰነ። ዛሬ አውቶቡስ ላይ የምናየው ፊት ሁሉ የዚያ ውሳኔ ልጅ ነው። በዓመቱ ግን ያው ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል አልጋ ድረስ ሄዶ ተጎጂ ልጅ ያስፈረመ የኦሃዮ ጠበቃ መቀጣቱን አጸና። ማስነገር ይፈቀዳል፣ አልጋ ሥር መቆም አይፈቀድም ማለት ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ ለጠበቃ ደንበኛ እያደነ ኮሚሽን የሚቀበለውን ደላላ በወንጀል ትጠይቀዋለች። በዚህ ነጥብ ላይ መልስ 9 በስም ያልጠቀሰቻቸውን በምግብ ቤቶቻችን ደጅ ካርድ የሚያድሉ ሰዎችን ሸንቆጥ አድርጋ አለፈች።

መልስ 10 ታሪክ ወዳድ ነው፤ ሜልቪን ቤሊን አመጣ። ቤሊ እ.ኤ.አ. በ1907 በካሊፎርኒያ፣ ሶኖራ ተወልዶ በርክሌይ ሕግ የተማረ፣ የካሳ ንጉሥ እየተባለ የተጠራ ጠበቃ ነው። እግሯን በከተማ ባቡር ስላጣች ሴት ሲከራከር፣ በሥጋ ቤት ወረቀት የተጠቀለለ ረጅም ነገር ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ጁሪዎቹ፣ ማለትም ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡት ተራ ዜጎች፣ የተቆረጠውን እግር ይዞ የመጣ መስሏቸው ለቀናት ሲሳቀቁ ቆዩ። በመጨረሻ ሲፈታው ሰው ሠራሽ እግር ነበር፤ አንሥቶ በጁሪው ጭን ላይ አስቀመጠው። ጉዳትን በቃል ብቻ ሳይሆን በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ማድረግን ለሙያው ካስተማሩት አንዱ እሱ ነው። መልስ 11 ደግሞ የታሪኩን ሌላ ግማሽ ጨመረ፦ ያው ንጉሥ በ1995 ኪሳራ አወጀ፣ በዓመቱም ሞተ። ለአባትየው የሚረባ ምሳሌ አይደለም አለ። በእኔ ግምት ሁለቱም ያልተጠየቁትን ነው የመለሱት፤ የልጅቷ ቀን እንዲህ ያለ ትርዒት የለበትም።

ቀኗ ምን እንደሚመስል የነገረችን መልስ 12 ናት። ይህ ክር ሌላው ሁሉ ተሰርዞ እሷ ብቻ ብትቀር አይጎዳም ነበር። በኢንሹራንስ ኩባንያ የካሳ ክፍል ስትሠራ ኖራ አሁን የጉዳት ጠበቃ ረዳት ሆናለች፤ ሁለቱንም ወገን በውስጡ አይታለች። እንደ እሷ አባባል ፍርድ ቤት የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው በደብዳቤና በስልክ ያልቃል። ጠበቃዋ ጠዋት ቢሮ ስትገባ የምትከፍተው የፖሊስ ሪፖርት፣ የሐኪም ማስታወሻ፣ የራጅ ውጤትና የደመወዝ ማረጋገጫ ነው። ታካሚው ለሦስት ሳምንት ቀጠሮ ከቀረ፣ የኩባንያው ሠራተኛ ያንን ክፍተት በቀይ ያሰምርበታል፤ ሕመሙ ከባድ ቢሆን ኖሮ አይቀርም ነበር ይላል። ሰውየው የቀረው ፈረቃ የሚለውጠው አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ከሰውየው አፍ አውጥቶ፣ ከአሠሪው ደብዳቤ አስጽፎ ፋይሉ ውስጥ ማስገባት የጠበቃዋ ሥራ ነው። ሕክምናው ሳያልቅ ካሳ መጠየቅ ኪሳራ ነው፤ የሚቀጥለው ቀዶ ሕክምና ያልተቆጠረበት ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ተመልሶ አይከፈትም። ካሳው ሲመጣም ሆስፒታሉና የጤና ኢንሹራንሱ ያወጣነውን መልሱልን ብለው ይሰለፋሉ። እነሱን ደውሎ፣ ለምኖ፣ ተከራክሮ ማስቀነስ ለተጎጂው ከዋናው ድርድር ያልተናነሰ ገንዘብ የሚያስገኝበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ማስታወቂያዎቹ የማይናገሩትን ጻፈች። የካሳው ጣሪያ ብዙውን ጊዜ የገጪው የኢንሹራንስ ሽፋን ነው። በሜሪላንድ ሕጉ የሚያስገድደው ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 30,000 ዶላር ነው። የገጨህ ሰው ያንን ብቻ ገዝቶ ሌላ ሀብት ከሌለው፣ የሚሊዮኑ ወሬ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በስልክ የሚጠራ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ግን ተሳፋሪ ይዘው ሳለ የሚሊዮን ዶላር ሽፋን እንዳለ፣ ስልካቸውን ከፍተው ጥሪ ሲጠብቁ ደግሞ ሽፋኑ በብዙ እጥፍ እንደሚያንስ አይገነዘቡም። ጥሩ የጉዳት ጠበቃ በመጀመሪያው ቀን የምትጠይቀው ስልኩ በዚያች ደቂቃ ምን ላይ ነበር ብላ ነው።

መልስ 13 አመሰገናት። መልስ 14 ግን የአሜሪካ ሕግ ለተጎጂ ሲበዛ ቸር ነው፣ ቡና የፈሰሰበት ሁሉ ሀብታም ይሆናል ብሎ ያንን የተሰለቸ ወሬ አነሣ። መልስ 15፣ ያው የሲልቨር ስፕሪንጉ ጠበቃ፣ በዚህ ጊዜ ትሕትናውን ትቶ ነው የመጣው። እኛ በብዛት የምንኖርባቸው ሜሪላንድ እና ቨርጂኒያ ከአላባማ እና ከሰሜን ካሮላይና ጋር በአንድ ጨካኝ ደንብ ስር ናቸው፤ ተጎጂው አንድ በመቶ እንኳ ጥፋት ካለበት ምንም አያገኝም። ማስረጃ እንዲሆን የሜሪላንድን ጉዳይ ጠቀሰ፦ አንድ የልጆች እግር ኳስ ረዳት አሠልጣኝ የግቡን አግዳሚ ብረት ዘሎ ሲይዝ፣ መሬት ላይ ያልታሰረው ግብ ተገልብጦ ፊቱን አደቀቀው። ጁሪው የእግር ኳስ ማኅበሩ አጥፍቷል፣ ሰውየውም አጥፍቷል አለ። ሰውየው ባዶ እጁን ሄደ፤ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2013 ደንቡን አልለውጥም አለ። መልስ 16 ዋሽንግተንን ከዚህ ለየት አደረጋት፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በከተማዋ በመኪና የተገጨ እግረኛ ወይም ብስክሌተኛ የራሱ ጥፋት ከግማሽ ካልበለጠ ካሳውን አያጣም። መኪና ነጂው ግን በአሮጌው ደንብ ስር እንዳለ ነው። ፖቶማክን ተሻግሮ መገጨት እንዲህ ዋጋው ይለያያል።

መልስ 17 እና 18 ስለ ሲልቨር ስፕሪንግ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ነው። እዘለዋለሁ።

መልስ 19 ላይ አዛውንቱ ተመለሱ፤ በጠበቃው ንግግር ተገርመው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው፣ ረኔ ዳቪድ የተባሉ የፈረንሳይ ፕሮፌሰር ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዚህስ ከቨርጂኒያ ይሻላል አሉ። በአንቀጽ 2098 ተጎጂው በከፊል ካጠፋ ካሳው ይቀነስበታል እንጂ አይከለከልም። በአንቀጽ 2081 ደግሞ የመኪናው ባለቤት ራሱ ባያጠፋም፣ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት እንኳ ቢሆን ይጠየቃል። ሐሳባቸው ኩራት ነበረበት፤ የሚገባም ኩራት ይመስለኛል።

ኩራቱን መልስ 20 አላስቆየውም። አዲስ አበባ ወንድሙን በሲኖትራክ ያጣ ሰው ነው። ያው ሕግ በአንቀጽ 2116 ለሕሊና ጉዳት ፍርድ ቤት የሚፈርደው ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ አድርጎ እንደወሰነ አስታወሰ። ሺህ ብር ያኔ ገንዘብ ነበር። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለሞተ ሰው ከ40,000 ብር አይበልጥም ነበር፤ ቤተሰቡ የተቀበለው ያንን ነው። ሜሪላንድ ለሥቃይ የሚከፈለውን ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ 500,000 ዶላር አድርሳ በየዓመቱ 15,000 እንደምትጨምርበት ሲያነጻጽር፣ ያለ አንድ ስድብ የጻፈው ከስድብ በላይ ይመር ነበር። ጠበቃ ለምን አላቆማችሁም ላለው ለመልስ 21፣ ከሺህ ብር ላይ ሲሶ ወስዶ የሚከራከር ማን ነው ብሎ መለሰ (መልስ 22)። አዲስ አበባ ውስጥ የጉዳት ካሳ ጠበቃ የሚባል የተለየ ሙያ ለምን እንዳላደገ ከዚህ አጥርቶ የነገረኝ የለም። አዛውንቱ ለዚህ መልስ አልሰጡም፤ ነፍስ ይማር ብቻ ብለው አለፉ።

ከዚያ ነገሩ ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 መዞሩ አይቀሬ ነበር። መልስ 23 መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አካባቢ ከወደቀው አውሮፕላን 157 ሟቾች መካከል ዘመድ ያላት ሴት ናት። ለቅሶው ድንኳን ሳይነሣ የአሜሪካ ጠበቆች ወኪል ነን የሚሉ ሰዎች ቤተሰቡ ዘንድ ደርሰው ወረቀት ሲያስፈርሙ እንደነበር ጻፈች። አባትየው የሚያፍሩበት ሙያ እሷ የምታውቀው በዚያ መልኩ ነው። መልስ 24 የአሜሪካ ሕግ ከአውሮፕላን አደጋ በኋላ ለ45 ቀን ጠበቃ ቤተሰብ ዘንድ እንዳይቀርብ ይከለክላል አለ፣ እንግዲያው ወንጀል ተሠርቷል ማለቱ ነው። መልስ 25 ሕጉን ከፍቶ አነበበለት፤ አየር መንገዱ የውጭ ከሆነ ክልከላው የሚሠራው አደጋው አሜሪካ ምድር ላይ ሲደርስ ነው። ለለቅሶ ድንኳናችን የሚሆን 45 ቀን አልተጻፈም።

መልስ 26፣ ያው የቤሊ ሰው፣ በዚህ ጊዜ ቁም ነገር ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1984 በሕንድ፣ ቦፓል መርዛማ ጋዝ ሕዝብ ሲፈጅ ቤሊን ጨምሮ የአሜሪካ ጠበቆች ወደዚያ ጎርፈው ነበር። የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ግን በ1986 ጉዳዩ በሕንድ ይታይ ብሎ መለሰው፤ በ1989 በ470 ሚሊዮን ዶላር አለቀ፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የደረሰው ጥቂት ነው። በ302 ጉዳይ ግን አውሮፕላኑን የሠራው ቦይንግ በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ለአደጋው ተጠያቂነቱን ተቀበለ፣ ቤተሰቦችም ካሳቸውን በኢሊኖይ ሕግ በቺካጎ እንዲጠይቁ ተስማማ፤ በአንጻሩ ከመቅጫ ካሳ ነጻ ሆነ። ካሳው የሚተመንበትን አገር ማስከበር፣ እንደ እሱ አባባል፣ ያው የሚናቀው ጠበቃ ሥራ ነው። ሴትዮዋ ሁለቱም እውነት ነው፣ ወረቀት ያስፈረሙንም ቺካጎ የቆሙልንም ጠበቆች ናቸው ብላ አጭር መልስ ጻፈች (መልስ 27)። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፤ ሙያውን በጅምላ ማወደስም በጅምላ መናቅም ይህችን ሴት አይመልስላትም።

መልስ 28 አባትየው ራሳቸው ናቸው፣ ትንሽ ተነጫንጨዋል። ስለ ሕንድና ስለ ሰው ሠራሽ እግር ሲነገራቸው ደመወዟን የነገራቸው የለም። መልስ 12 ተመልሳ (መልስ 29) ትንሽ ቢሮ ለጀማሪ መጠነኛ ደመወዝ ከፍሎ፣ ከተዘጉ ጉዳዮች ድርሻ መጨመሩ የተለመደ መሆኑን ገለጸች። ትልቅ ጉዳይ ለመዝጋት ዓመታት ስለሚወስድ ልጅቷ አሁን ሀብታም አትሆንም፤ አማርኛ መናገሯ ግን ለቢሮው ትልቅ ዋጋ አለው። ሐኪም ቤት በአስተርጓሚ ያመኛል ከማለት ሌላ የማይናገሩ እናቶች፣ በራሳቸው ቋንቋ ሲጠየቁ እንቅልፍ ማጣታቸውን፣ ሰፌድ ማንሣት እንዳቃታቸው ያወጣሉ። ይህ ሁሉ ካሳ ውስጥ የሚቆጠር ነው።

መልስ 30 አዲስ ገቢ ነው። ቨርጂኒያ በሚገኝ ሱቅ ውስጥ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ሁለት ዓመት ሊሞላው እንደተቃረበ ገልጾ፣ ምን ላይ እያለ እንደወደቀ፣ ወለሉ እርጥብ መሆኑን አይቶ እንደነበር ሁሉ ዘረዘረ። መልስ 31 እንደገና የጠበቃ ረዳቷ ናት፤ ከጻፈችው ሁሉ ቁጣ ያለበት ይህ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ለክስ የምትሰጠው ሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ አንድ ቀን ካለፈ ወገቡ ቢሰበርም ሰሚ የለውም። እርጥቡን አይቼ ነበር ያለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ በዚያ ግዛት ብቻውን ጉዳዩን ሊገድለው ይችላል፣ የሱቁ ኢንሹራንስም ማንበብ ይችላል። ዛሬውኑ ጠበቃ ደውሎ ቀጠሮ እንዲይዝ፣ እዚህ አንድም ቃል እንዳይጨምር አዘዘችው። የክሩ ኃላፊ ከዚያ በኋላ መልስ መቀበሉን ዘጋው።